ናሪና ትሮጎንን ፍለጋ፤ ከከፋ ደን የሥራ ማስታወሻ

ጥር መጨረሻ፣ ከመነሳቴ በፊት

ዓላማው አጭር ነው። ናሪና ትሮጎን የተባለውን ወፍ በዱር ማግኘት፣ ያለ ጥርጥር መለየት፣ ከዚያም ሳላውከው ረዘም ላለ ጊዜ ማየት። ፎቶ ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘም ሥራው አይጎድልም። ለብዙ ሰው ወፍ ማየት ማለት ስም መዝግቦ ማለፍ ነው። እኔ የምፈልገው ከስሙ በኋላ ያለውን ነው፤ ምን ይበላል፣ ምን ያህል ከፍታ ላይ ይቀመጣል፣ ሲጮኽ ምን ያደርጋል፣ ከማን ጋር ይውላል።

ወረቀት ላይ ካየነው ይህን ወፍ የሚስት ሰው ያለ አይመስልም። ርዝመቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይርቅም። የወንዱ ራስ፣ ደረትና ጀርባ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ ሆዱ ደማቅ ቀይ፣ ምንቃሩ ቢጫ ነው። ጅራቱ ረጅም ሆኖ ጠርዞቹ ነጭ ስለሆኑ ከሥር ሲያዩት ነጭ ይመስላል። አፍሪካ ውስጥ ካሉት ሦስት የትሮጎን ዝርያዎች ወደ ኢትዮጵያ የዘለቀው እሱ ብቻ ነው። አንደኛው ወንድሙ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በካሜሩን ተራራማ ደኖች፣ ሌላኛው በመካከለኛው አፍሪካ ቆላ ደኖች ይኖራል። ስለዚህ እዚህ አገር ትሮጎን መሆኑ ከታወቀ የቱ ትሮጎን ነው ብሎ መጨነቅ የለም።

ጣጣው ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ቀለም የተሸከመው ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ከተቀመጠ ሳይነቃነቅ ይቆያል። ሰው መምጣቱን ሲያውቅ ደግሞ ቀዩን ሆዱን ወደ ደኑ፣ አረንጓዴ ጀርባውን ወደ ሰውየው ያዞራል። ያኔ ከቅጠሉ ማን ይለየዋል?

ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ተጓዥ ፍራንሷ ለቫያን ሲሆን፣ ስሙን ያወጣለት በደቡብ አፍሪካ ባገኛት ናሪና በተባለች የኮይኮይ ሕዝብ ወጣት ነው። ሳይንሳዊ ስሙን በ1815 እ.ኤ.አ. ያጸደቀለት ግን እንግሊዛዊው ጄምስ ፍራንሲስ ስቲቨንስ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጽፎለታል። በዓይን የሚያየው ሰው ግን ዛሬም ድምፁን ከሚሰማው በእጅጉ ያንሳል።

ስለ ዕቃ። ባይኖኩላሬ 8 በ42 ነው፤ 8 ጊዜ ያቀርባል፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው። ጀማሪ የሚያየው የማቅረብ ኃይሉን ብቻ ነው፤ ደን ውስጥ ግን ወሳኙ ብርሃን ነው። 42 ለ8 ሲካፈል ከመነጽሩ ወጥቶ ዓይን ላይ የሚያርፈው የብርሃን ክብ 5.25 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ኪስ የሚገባው 10 በ25 የሚሰጠው 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከዛፍ ጥላ ሥር የዓይን ብሌን ስለሚሰፋ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል፤ በትንሹ መነጽር አረንጓዴው ሁሉ ይጠቁራል። የቀረው ዕቃ ቀላል ነው፤ ኮምፓስ፣ ስልክ ላይ የሚሰካ ማይክሮፎን፣ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ (የእስክሪብቶ ቀለም እርጥበት አይችልም)፣ ቦቲ ጫማ። ቦቲው ለጭቃ ብቻ አይደለም፣ ለጉንዳንም ነው።

የማልይዘው ነገር ድምፅ ማጉያ ነው። የተቀዳ የትሮጎን ድምፅ ቢለቀቅ ወንዱ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ከተፍ ይላል፣ ይህ የታወቀ ዘዴ ነው። ነገር ግን ያ ወፍ የመጣው ምግቡን ወይም ጎጆውን ትቶ ነው። ከዚህም በላይ የእኔ ሥራ ጠባዩን መመዝገብ ነው፤ ራሴ ያስቆጣሁትን ወፍ አይቼ «ጠባዩ እንዲህ ነው» ብል የማን ጠባይ ጻፍኩ?

የካቲት መጀመሪያ፣ በጆሮ ብቻ

ቦታው ከቦንጋ ወጣ ብሎ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው የከፋ ደን አካል ነው። ከላይ ቀረሮና ሶምቦ ሰማዩን ይዘውታል፣ ከእነሱ ሥር ብሳናና ሌሎች መካከለኛ ዛፎች፣ ቀጥሎ የደን ቡና፣ መሬቱ ላይ ፈርንና ሐረግ። ከዚህ በላይ የማመላክት አይደለሁም፣ ምክንያቱን ወደ ታች እጽፈዋለሁ።

አብረውኝ የሚሄዱት ሰው ደኑን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ዕድሜያቸው ከእኔ በብዙ ስለሚበልጥ ጋሼ ነው የምላቸው።

ጎህ ሳይቀድ የተነሱት ጉሬዛዎች ናቸው። በአንዱ ሸለቆ ያሉት ሲያጓሩ የማዶዎቹ ይመልሳሉ። ቀጥሎ ከቁጥቋጦው ሥር የሩፔል ሮቢን ዝማሬውን ጀመረ። ይህ ወፍ የሌሎችን ድምፅ መኮረጅ ይችልበታል፤ ስለዚህ ከመሬት አጠገብ የሚመጣን አንድ ነጠላ ጩኸት ሰምቼ ምንም ነገር አልመዘግብም። ትንሽ ቆይቶ ጉንጨ ብርማዎቹ ሆርንቢሎች በላያችን አለፉ። ክንፋቸው አየሩን ሲቀዝፍ የሚያሰማው ድምፅ ወፎቹ ሳይታዩ ነው የሚደርሰው።

የፈለግነው የመጣው ፀሐይ የዛፎቹን ጫፍ ከያዘች በኋላ ነው። «ህሩ-ሁ፣ ህሩ-ሁ፣ ህሩ-ሁ»። ባዶ ቅል አፍ ላይ ሲነፋ የሚወጣውን የመሰለ፣ ሻከር ያለና የታፈነ ድምፅ ነው። ሁለት ሁለት እየሆነ ይወጣል፣ ሁለተኛው ጠበቅ ይላል። ሲጀምር ለጆሮ አይገባም፣ እየደጋገመ ሲሄድ ይጎላል፣ ከዚያ ድንገት ቀጥ ይላል። ዝምታው ከጩኸቱ ይረዝማል።

ልነሳ ስል ጋሼ ክንዴን ያዙኝ።

«ወንድሜ፣ ቁጭ በል። ድምፁን ተከትለህ ስትሄድ እሱ ዝም ይላል፣ አንተም ዛፍ ስታይ ትውላለህ።»

«ታዲያ በየት በኩል እንደሆነ እንዴት ይታወቃል ጋሼ?»

«እስኪሰለቸው ይጮኻል። አንተ ሳይሰለችህ ጠብቅ።»

ከምክሩ ጋር አንድ ዘዴ ጨመርን። የዚህ ወፍ ድምፅ ወፍራም ነው፤ ወፍራም ድምፅ ቅጠሉን ሰንጥቆ ሩቅ ይሄዳል፣ ግን ከየት እንደመጣ ለጆሮ ያስቸግራል። ስለዚህ እኔና ጋሼ አርባ እርምጃ ያህል ተራርቀን ቆምን። በጮኸ ቁጥር ሁለታችንም ወደመሰለን አቅጣጫ በእጃችን እናመለክታለን፣ እኔ ሁለቱንም በኮምፓስ ለክቼ እጽፋለሁ። መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ከአንድ ትልቅ ቀረሮ ሥር ወደቀ። ለብቻዬ ጆሮዬ ከነገረኝ ቦታ ወደ ቀኝ ራቅ ያለ ነበር። እስክንጠጋ ዝም አለ፤ በዚያ ጠዋትም አልተመለሰበትም።

ያው ሳምንት፣ ድምፅ ስለመለየት

ምሽቱን ቅጂዎቹን አዳመጥኩ። ደኑ ውስጥ «ሁ» የሚል ሁሉ ትሮጎን አይደለም። ግራ የሚያጋቡት በተለይ ርግቦቹ ናቸው።

ሎሚ ርግብ የምትባለዋ ከመሬት ብዙም ሳትርቅ አንድ ነጠላ «ሁ» ደጋግማ ታሰማለች፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ እኩል ነው፣ ድርብ የለውም። ታምቡሪን የሚባለው ትንሽ ርግብ ሲጀምር ረጋ ብሎ «ዱ... ዱ...» ይልና እየፈጠነ ሄዶ መጨረሻው ይንደቀደቃል። የትሮጎን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፍጥነቱን አይለውጥም፣ የሚለወጠው ጉልበቱ ብቻ ነው። ሦስቱን ለመለየት ለእኔ የሠራልኝ መንገድ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ድርብ ነው ወይስ ነጠላ? ከዚያ ይፈጥናል ወይስ ይጎላል? ድርብ ሆኖ የሚጎላ ከሆነ ትሮጎን ነው።

በስልክ የሚቀዳ ሰው ፋይሉን ባልተጨመቀው የዌቭ ቅርጸት ቢያስቀምጥ ይሻላል፤ የተጨመቀው ቅርጸት ደካማውን የመጀመሪያ ድምፅ ይበላዋል። ቅጂው ሲያልቅ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የሰማሁትን በራሴ ድምፅ እጨምርበታለሁ። ፋይሎች ሲከማቹ የቱ የቱ እንደነበር ማስታወስ ዘበት ነው። ለማመሳከር ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ዜኖ ካንቶ የሚባለው ነጻ የወፎች ድምፅ ክምችት አለ። የዚህን ወፍ ቅጂዎች እዚያ ማግኘት ይቻላል። እሱን ግን ቤት ሆኖ ማዳመጥ እንጂ ደን ውስጥ መክፈት አያስፈልግም።

የካቲት አጋማሽ፣ ጀርባው

ዛሬ ታየ።

እንዴት እንደተገኘ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ከወፉ ይልቅ ለሌላ ሰው የሚጠቅመው አፈላለጉ ነው። ቀለም መፈለግ ተውኩ። እንቅስቃሴ መፈለግም ተውኩ፣ እንቅስቃሴ የለማ። የፈለግሁት ቅርጽ ነው። ትሮጎን የሚቀመጥበት ቅርንጫፍ እንደነገሩ አይደለም። አግድም የሄደ፣ ቅጠል ያልበዛበት፣ ከላይ በጥላ የተሸፈነ፣ ፊት ለፊቱ ለመብረር የሚበቃ ባዶ ቦታ ያለው መሆን አለበት። ከመሬት ከአምስት እስከ ዐሥራ አምስት ሜትር ያለውን ብቻ ወሰድኩና ዛፍ በዛፍ፣ ከግንዱ ተነስቼ ወደ ጫፍ፣ እያንዳንዱን አግዳሚ በባይኖኩላር ተከተልኩ። አንዱ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው። አሰልቺ ነው። ጋሼ ሁለት ጊዜ አዛጉ።

ከአንድ ሶምቦ ጎን ቀጥ ብሎ የተቀመጠ፣ አንገት የሌለው የሚመስል፣ ከሥሩ ጅራቱ ቁልቁል የወረደ ጥቁር ነገር አገኘሁ። ጥቁር ነው ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የጀርባው አረንጓዴ ከቀለም ንጥረ ነገር የመጣ ሳይሆን የላባው ጥቃቅን አወቃቀር ብርሃንን የሚመልስበት መንገድ ነው። ብርሃን ካልደረሰበት አረንጓዴው አይኖርም። መጽሐፍ ላይ እንደ ዕንቁ የሚያበራ ወፍ አይቶ የመጣ ሰው ይህን ጥቁር ጉብታ አይቶ የሚያልፈው ለዚህ ነው።

ቀስ ብለን ወደ ጎን ተንቀሳቀስን። ወደ እሱ አይደለም፣ ወደ ጎን። የፀሐይ ጭላንጭል ከኋላችን ሲሆን ጀርባው ድንገት በራ፤ አረንጓዴ፣ ከወገቡ በታች ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። የክንፉ ሽፋን ግራጫ መስሎ ነበር፤ ትኩር ብዬ ሳየው ግን በጥቁርና በነጭ ጭረት የተሞላ ነው፣ ጭረቱ ከመድቀቁ የተነሳ ነው ከሩቅ ግራጫ የሚመስለው። ጭንቅላቱን ብቻ ዞር አድርጎ አየን። አንገቱ ሰውነቱን ሳያስከትል ወደ ኋላ ይዞራል። ቢጫው ምንቃር ሰፊና አጭር፣ በሥሩ ዙሪያ ጠንካራ ጸጉር የመሰሉ ላባዎች፣ ከዓይኑ አጠገብ ላባ የሌለበት ሰማያዊ ቆዳ። ሆዱን እስኪያሳየን አልጠበቅንም። ለመለየት የሚበቃው ሁሉ ጀርባው ላይ አለ።

ሲነሳ ግን አሳየን። ክንፉን ሲዘረጋ ቀይ ብልጭ አለና ከጅራቱ ግራና ቀኝ ነጭ ተከፈተ፣ ከዚያ ወደ ደኑ ውስጥ ገባ። ሲበር ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል።

የካቲት ማብቂያ፣ ሌሎቹ አረንጓዴዎች

የመጀመሪያው ዕይታ ሰውን ስለሚያጀግን አሁን አረንጓዴ ሁሉ ትሮጎን እንዳይመስለኝ ማስታወሻ መያዝ አለብኝ።

እዚህ ደን ውስጥ ዋነኛው አሳሳች ጉንጨ ነጭ ቱራኮ ነው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ደኖች ብዙም የማይርቅ ወፍ። እሱም አረንጓዴ፣ እሱም ሲበር ቀይ ያሳያል። ነገር ግን የቱራኮ ቀይ ያለው ክንፉ ላይ ነው፣ የትሮጎን ሆዱ ላይ። ቱራኮ ከትሮጎን ይተልቃል፣ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽኮኮ ይሮጣል፣ ይዘላል፤ ትሮጎን መሮጥ ቀርቶ መራመድም አይሆንለትም። የቱራኮ ጅራት ላይ ነጭ የለበትም። አስገራሚው ደግሞ የቱራኮ አረንጓዴና ቀይ እውነተኛ ቀለሞች መሆናቸው ነው፤ መዳብ ያለባቸው የቀለም ንጥረ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ቱራኮ በጥላ ውስጥም አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ጨለም ባለ ጥግ ላይ «ምንኛ አረንጓዴ ነው» ብዬ የተደነቅሁበት ወፍ ሁልጊዜ ቱራኮ ሆኖ ነው የተገኘው።

ሁለተኛው ኤመራልድ ኩኩ የሚባለው ነው። ወንዱ አረንጓዴው እንደ ትሮጎን ያብረቀርቃል፤ ሆዱ ግን ቢጫ ነው፣ በመጠንም በጣም ያንሳል። ከዛፉ ጫፍ ላይ ሆኖ አራት ድምፅ ያለው ጥርት ያለ ፉጨት ስለሚያሰማ በጆሮ አይምታታም።

የእግር ጣት የሚያይ ካለ የማያዳግም ምልክት አለ። ግንደ ቆርቁርና በቀቀን ሁለት ጣት ወደፊት፣ ሁለት ወደኋላ አላቸው፤ ወደኋላ የዞሩት አንደኛውና አራተኛው ናቸው። ትሮጎንም ሁለት በሁለት ነው፣ ግን ወደኋላ የዞሩት አንደኛውና ሁለተኛው ናቸው። ይህ አቀማመጥ ከትሮጎን ቤተሰብ ውጭ በየትኛውም ወፍ ላይ የለም። እርግጥ ዐሥር ሜትር ላይ ሆዱ የሸፈነውን እግር አይቶ ይህን የሚቆጥር ሰው ካለ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ።

መጋቢት መግቢያ

ዝናብ። ደኑ ውስጥ ዝናቡ ካባራ በኋላም ከቅጠል ሲንጠባጠብ ሰዓታት ይፈጃል፤ ጆሮ ዋጋ የለውም። ምንም።

መጋቢት፣ ሲበላ

ይህን ቀን ለብቻው በዝርዝር እጽፈዋለሁ፣ ለዚህ ነበርና የመጣሁት።

ወንዱን ከቡናው ዳር፣ ጥላ ዛፎቹ ካልተነኩበት ክፍል አገኘነው። ራቅ ብለን ከአንድ ወፍራም ግንድ ሥር ተቀመጥን። መጀመሪያ ጀርባውን ሰጠን። ቆየና፣ ከእኛ ምንም እንደማይመጣ የተረዳ መሰለ፣ በዝግታ ዞረ። ቀዩን ሆድ በሙሉ ያየሁት ያኔ ነው። በአረንጓዴው ደረትና በቀዩ መካከል ያለው ድንበር ቀጥ ያለ ነው፣ ነጭ መስመር የለበትም።

አደኑ እንዲህ ነው። ይቀመጣል፣ ጭንቅላቱን ብቻ በዝግታ ያዞራል፣ ላይ ያያል፣ ታች ያያል። ከዚያ ያለ ማስጠንቀቂያ ይወረወራል። ወደ አየር አይደለም፣ ወደ ቅጠል። ቅጠሉ አጠገብ ለቅጽበት በክንፉ ተንሳፍፎ በምንቃሩ ይለቅማል፣ ወደ ቅርንጫፍ ይመለሳል፣ ብዙ ጊዜ ግን ወደ ተነሳበት ሳይሆን ወደ አጠገቡ። ያየሁት አብዛኛው አባ ጨጓሬ ነው፣ ጸጉራሙንም አይፈራም። ጸጉራሙን ከመዋጡ በፊት ቅርንጫፉ ላይ ግራና ቀኝ ያላትመዋል። አንዴ አረንጓዴ የሆነ ረጅም ነገር ይዞ ተመለሰ፤ በባይኖኩላር ሳየው ፌንጣ ሳይሆን ማንቲስ ነው። ማንቲሱ ራሱ ቅጠል መስሎ ተደብቆ የሚያድን ነፍሳት ነው፤ ቅጠል መስሎ በተደበቀ ወፍ ተበላ። እስስትም አልፎ አልፎ እንደሚበላ የታወቀ ነው፣ እኔ አላየሁም።

በመወርወሮቹ መካከል ያለው ጊዜ ረጅም ነው። ለተመልካች ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው፤ ወፉን ለማየት ቀላሉ ጊዜ የመወርወሪያው ቅጽበት ስለሆነ፣ በየደቂቃው ቦታ የሚቀይር ሰው ያችን ቅጽበት አያገኛትም። ከመራመድ መቀመጥ ይሻላል የሚለውን የጋሼን ምክር አሁን በምክንያቱ ነው የተቀበልኩት።

ከዚያ ጮኸ። በቅርብ ሲሆን ድምፁ ጉልበት ያለው አይመስልም፣ ከሩቅ የሰማሁት የበለጠ የጎላ ነበር ብል ሰው ይስቅብኛል። ምንቃሩን አይከፍትም ማለት ይቻላል። ጉሮሮው ግን ይነፋል፣ በላባዎቹ መካከል ሰማያዊ አረንጓዴ ቆዳ ብቅ ይላል፣ ድምፁ ሲያልቅ ይሟሽሻል። ከሸለቆው ማዶ ሌላ ወንድ መለሰለት። የእኛው አልተንቀሳቀሰም፣ ብቻ በሚቀጥለው ዙር ቀደም ብሎ ጀመረ።

ከሄደ በኋላ ከቅርንጫፉ ሥር ከጣት ጫፍ የማትበልጥ ላባ ወድቃ አገኘን። የትሮጎን ቆዳ በጣም ስስ ነው፣ ላባውም በቀላሉ ይረግፋል። በመዳፌ ላይ አድርጌ ወደ ብርሃን ሳዘነብላት አረንጓዴ፣ ትንሽ ሳዞራት መዳብማ፣ ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ በጥላዬ ስጋርዳት ጥቁር ሆነች። ጋሼ ተቀብለውኝ እሳቸውም አዞሩ፣ «ይሄ ነው እንዴ የሚደብቀው» አሉ። እዚያው ተውናት። የሆዱ ቀይ እንዲህ አይጫወትም። እሱ ከምግብ ጋር ከሚመጣ ካሮቲኖይድ ከሚባል ቀለም የተሠራ ነው፤ ሙዚየም ውስጥ ለብርሃን የተጋለጡ የትሮጎን ናሙናዎች ቀያቸው የሚደበዝዘውም ለዚህ ነው።

መጋቢት ማለቂያ፣ ሴቷ

ሴቷን እስካሁን ያላየኋት እሷ ስለሌለች አይመስለኝም። ፊቷና ደረቷ ቡናማ፣ ሆዷ ፈዘዝ ያለ ቀይ ነው፣ ለመደበቅ ከወንዱ የበለጠ የተመቸች። ጀርባዋ ያው አረንጓዴ ነው። ዛሬ የታየችው ብዙ ዓይነት ወፎች ተቀላቅለው እየለቃቀሙ ሲያልፉ ነው። ከእነሱ ጀርባ፣ ዝቅ ብላ ተከትላቸው ትመጣለች። እነሱ ቅጠሉን ሲያምሱ የሚበረግገውን ነፍሳት እሷ ትለቅማለች። ወንዱ ከሷ ራቅ ብሎ ነበር። ልጅ ትሮጎን ቢሆን ኖሮ ክንፉ ላይ ጉልህ ነጭ ነጠብጣብ ይኖረው ነበር፤ የሷ ክንፍ ንጹሕ ነው።

ከቀትር በፊት ሁለቱም ወደ አንድ የደረቀ የሶምቦ ቅርንጫፍ መጡ። እዚያ ቅርንጫፉ የተሰበረበት ቦታ ላይ የበሰበሰ ጉድጓድ አለ። ወንዱ አፉ ላይ ተለጥፎ ወደ ውስጥ አየ፣ ሄደ፣ ተመለሰ። ሴቷ አጠገቡ ተቀምጣ ተመለከተች። ናሪና ትሮጎን እንደ ግንደ ቆርቁር አይቆፍርም፤ የተፈጥሮ ጉድጓድ ነው የሚፈልገው፣ ያለ ምንጣፍ ነው እንቁላሉን የሚጥለው። ሲታቀፉ ደግሞ ቀኑን ወንዱ፣ ሌሊቱን ሴቷ ናት። ስለዚህ ጎጆ መሆን አለመሆኑን ሳይጠጉ ማወቂያ መንገድ አለ፤ ጠዋትና ማታ የሚደረገውን ርክክብ ከሩቅ መጠበቅ። ወንዱ ማለዳ ገብቶ ሴቷ ስትወጣ ከታየ እንቁላል አለ ማለት ነው። ዛሬ ያየነው ግን መጎብኘት ብቻ ነው። በስልክ መብራት ጉድጓዱን ለማየት ዛፉ ላይ መውጣት ይቻል ነበር፣ ጋሼም መውጣት ያውቁበታል። አልተደረገም፣ አይደረግምም።

ለዚህ ነው ቦታውን የማልጽፈው። ዝርያው በዓለም ደረጃ ለጊዜው የሚያሳስብ አይደለም ተብሎ ነው የተመደበው፤ ይህ ግን ለአንድ ጥንድ ምንም ማለት አይደለም። የሞተ ቅርንጫፍ ያለው አሮጌ ዛፍ ደግሞ መጀመሪያ የሚቆረጠው ዛፍ ነው፣ «ምን ይሠራል» ተብሎ። ቡናው ዳር ያለውን ክፍል ሳይ ትሮጎን እዚያም ይበላል፣ ጥላው ከተተወለት። ጉድጓዱን ግን ያገኘነው ከጥልቁ ደን ውስጥ ነው።

ሚያዝያ፣ መዝገብ

ውጤቱን ኢበርድ ላይ አስገባሁ፤ ኮርኔል የወፎች ጥናት ላቦራቶሪ በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረውና ማንም ሰው ያየውን የሚመዘግብበት የወፎች መረጃ ቋት ነው። ያየሁትን እንዲህ ለይቼ ጻፍኩ። የሰማሁትንና ያላየሁትን «በድምፅ ብቻ»፤ ቅጂውን አያይዣለሁ። ከማዶ የመለሰውን ወንድ እንደ ሌላ ወፍ ቆጠርኩት፣ በአንድ ጊዜ ስለተጠራሩ። በተለያየ ቀን በአንድ ሸለቆ የሰማሁትን ግን አልደመርኩም፤ ያው ወፍ ሊሆን ይችላል። የመራባት ምልክት በሚለው ሥር «ጎጆ ሊሆን የሚችል ቦታ ሲጎበኝ» የሚለውን መረጥኩ። «ጎጆ» የሚለውን ለመምረጥ እጅ ያሳክካል፣ ግን ርክክቡን አላየሁም። ቦታውን በሰፊው ወረዳ ደረጃ ብቻ ነው ያስቀመጥኩት።

ፎቶው? አንድ አለ፤ ግማሹ ቅጠል፣ ግማሹ ነጭ ጅራት። ለመለየት ይበቃል፣ ለግድግዳ አይሆንም።

ቀጣዩ ሥራ ተወስኗል። ጥልቁ ደን ውስጥና ቡናው ዳር ሁለት መስመር ይያዛል፤ በሁለቱም በተመሳሳይ ሰዓት፣ በማለዳ፣ እኩል ጊዜ እየተቀመጥን የጩኸቱ ዙር ይቆጠራል። ጋሼ የቡናውን መስመር ይይዛሉ፤ ኮምፓሱን ከእኔ ፈጥነው ነው የሚያነቡት። እኔ ደግሞ ከሶምቦው ማዶ፣ ከሩቁ ግንድ ሥር፣ ማለዳና ማታ ርክክቡን እጠብቃለሁ።